የአባቴ ስፌት መኪና

የሙዚቃ አሳታሚው ሊያስፈርመኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ ፈረስ መጋላ ባለ ሆቴል አገኘሁት። «ከመፈረምህ በፊት እዚሁ ራፕ አድርግና ልስማህ» አለኝ። ክፍሉ ጭር ብሏል። ገና ስጀምር ምቱ ጠፋኝ። ደገምኩ፣ አሁንም ጠፋኝ። ሰውየው ሰዓቱን አየ።

ራፕ የለመድኩት ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ከአባቴ ስፌት መኪና አጠገብ ነው። ያን ድምፅ ካልሰማሁ ምላሴ አይፈታም። ሰውየውን ለምኜ ወደዚያ ወሰድኩት።

አባቴ እንግዳ ሲያዩ መኪናቸውን አቁመው ተነሱ። ጎረቤቶቻቸውም አቆሙ። መንገዱ በሙሉ ዝም አለ።

«አባዬ፣ እባክዎ ይስፉ።»

«እንግዳ አቁሜ? ነውር አይደለም?»

«ይስፉ አልኩዎት።» እንዲህ ተቆጥቼ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ቅር እያላቸው ተቀምጠው ፔዳሉን ረገጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ያኔ አፌ ተከፈተ፤ ሳልደናቀፍ ጨረስኩ። ሰውየው ውሉን እዚያው ጨርቁ ላይ ዘረጋልኝ።

ፈርሜ ቀና ስል አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሁልጊዜ ለብቻህ ስታወራ እየሰማሁ፣ አእምሮውን መልስለት ብዬ ለቁልቢ ገብርኤል ተስያለሁ። አሁን ስለቱን ላስገባ ወይስ ልተው?»