የእማሆይ ሽንት ቤት

በደርግ ዘመን ቢቸና የጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ ሁለት ነገር እመኝ ነበር፤ ገበሬው ሽንት ቤት እንዲቆፍር፣ እኔም ባለቤቴ ወደምታስተምርበት ሞጣ እንድዛወር። አለቃዬ ሁለቱን አንድ አደረጋቸውና "ሞዴል መንደር አሳየኝ፣ ሞጣ ትገባለህ" አለኝ።

ቁፋሮው የበጎ ፈቃድ ሥራ ነበር። በጎ ፈቃዱ የመጣው ግን በትእዛዝ ነው፤ ያልፈቀደ ይቀጣል ተባለ። እሑድ ዶማዬን ተሸክሜ ከከተማው ወጣ ወዳለች መንደር ስሄድ "ዛሬማ ሰንበት ነው" ይሉኛል። በሌላ ቀን ስሄድ የታቦት በዓል ነው፤ በዓል ካልሆነም ለቅሶ አይጠፋም። "ይህ ሁሉ ሜዳ እያለ ጉድጓድ ውስጥ ምን አስገባን?" አሉኝ አንድ ሽማግሌ። ብቻዬን ስቆፍር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይመርቁኝ ነበር።

ከዚያ የእህል ኮታ መጣ። ገበሬው ጤፉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ፣ የደበቀም እንደሚታሰር ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ወደ መንደሯ ብሄድ ሰዉ ሁሉ ይቆፍራል! ግድግዳው ተመርጓል፣ ጣሪያው በሣር ተከድኗል፣ በሩም መቀርቀሪያ ገብቶለታል። አንዱማ ሁለት ቆፍሮ "ቤተሰቤ ብዙ ነው" አለኝ፤ ሚስት እንኳ የለውም። እኔ ትምህርቴ ሠራ ብዬ በየቢሮው ጉራዬን ነዛሁ። ዝንብ የማያርፍበት ሽንት ቤት አይቶ ያልጠረጠረ የጤና ባለሙያ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አንድ ሹም ሊጎበኙን እንደሚመጡ ሲነገረን፣ ለመንገድ ቅርብ ስለሆነ ብቻቸውን የሚኖሩትን የአንዲት መነኩሲት ቤት መረጥሁ። በዋዜማው እማሆይ እጄን ይዘው ወደ ሽንት ቤቱ አስገቡኝና ርብራቡን አነሡት። ጉድጓዱ ውስጥ ጤፍ የሞላ ጆንያ ተቀምጧል።

"ልጄ፣ የክረምት ቀለቤ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም። ታስይዘኝ እንደሆነም የእግዜር ፈቃድ ነው።"

መጀመሪያ ተናደድሁ፣ ቀጥሎ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ፈራሁ። ርብራቡን አብረን መለስነው።

በማግሥቱ ሹሙ መጡ። አጨበጨብን። ገበሬ ማኅበሩ ጠላ አብዝቶላቸው ኖሮ ገና እንደ ደረሱ "እስቲ ልጠቀምበት" አሉ።

"ጓድ፣ ኖራ ተነስንሶበታል" አልኋቸው።

"ለሰፊው ሕዝብ የተፈቀደ ለእኔ ይከለከላል?" ብለው ቀበቷቸውን እየፈቱ ተራመዱ።

እማሆይ ቀደሟቸው። "ይቅር ይበሉኝ የኔ ጌታ፣ ሆዴን!" ብለው ገቡና ከውስጥ ቀረቀሩት። ቆመን ጠበቅን። ሹሙ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግራቸው ይቆማሉ። ከውስጥ ድምፅ ተሰማ፤ እማሆይ ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ።

ክው አልሁ። መነኩሲት ሽንት ቤት ውስጥ ጸሎት ታደርጋለች? ይህን ሰምቶ ነገሩ የማይገባው ክርስቲያን የለም። ሹሙ ጸሎት ከተዉ ቆይተዋልና አልነቁም። ሹፌራቸው ግን በሩን አየ፣ ቀጥሎም እኔን አየ። ትንፍሽ ቢል እማሆይም እኔም ወህኒ ነን። ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

"ጓድ፣ አሮጊት ናቸው፣ ይቆያሉ። ከቁልቋሉ ጀርባ ይሻልዎታል" አላቸው።

ሹሙ ሮጡ። ሲመለሱ ፊታቸው ፈክቶ "ሕዝባችን ሽንት ቤቱን ለሹም እንኳ የማይለቅበት ደረጃ ደርሷል!" ብለው አሞገሱኝ። እኔም ሞጣ ገባሁ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ እማሆይ ሞጣ ጊዮርጊስን ሊሳለሙ መጡና ቤቴ ጎራ አሉ። ከስተዋል፣ ግን በሕይወት አሉ። ሳያቸው እንባዬ መጣ። በቁና ጤፍ ይዘውልኝ ነበር።

ባለቤቴ እንጀራውን ጋግራ ስታቀርብ "ከየት የመጣ ጤፍ ነው?" አለችኝ።

"ከሽንት ቤት" ብያት ልቆርስ እጄን ዘረጋሁ።

እማሆይ እጄን ያዙኝ። "ምነው ልጄ፣ ሳትታጠብ? አንተው አይደለህ ያስተማርኸን?"