ፊልሙን ያረመው ተርጓሚ

በቪዲዮ ቤቱ ውስጥ፣ ከስክሪኑ በስተግራ፣ አንዲት በርጩማ አለች። እሷ ላይ የሚቀመጠው ሰው ስሙ ከተረሳ ቆይቷል፤ ሁሉም «ማይኩ» ነው የሚለው። ሥራው እንዲህ ነው፦ የውጭ ፊልም ሲታይ ተዋናዩ ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቅና፣ ሌላው አፉን ሳይከፍት፣ በዚያች ክፍተት ትርጉሙን በማይክሮፎን ጣል ያደርጋል። ሽማግሌ ሲናገር ይሸመግላል፤ ሴት ስትናገር ድምፁን ያቀጥናል። ቋንቋውን የለመደው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ከውጭ መካኒኮች ጋር ሰባት ዓመት ሲሠራ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ የቀረችው መተዳደሪያ ይህች በርጩማ ብቻ ነበረች።

ያን ሰሞን የመጣው የሰይፍ ፊልም ግን ልዩ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዳኛ ፊት ቆሞ፣ በወጣትነቱ የገዛ መምህሩን እንዴት እንደገደለ ይተርካል። ፍልሚያው ጨርቅ ቀለም በሚነከርበት ግቢ ውስጥ ነው። ረጃጅም ቀይ ጨርቆች ለመድረቅ ተሰቅለዋል፤ ፀሐይ ከበስተኋላቸው ስለሆነች የተፋላሚዎቹ ጥላ ብቻ ይታያል። ሰይፍ ሲሰነዘር መጀመሪያ ጨርቁ ይቀደድና ብርሃን በቀዳዳው ይፈሳል። ማይኩ ስንት ዓመት ፊልም አይቶ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም!

ችግሩ ሽማግሌው ነው። «ፊት ለፊት ገጠምኩት» ይላል፤ ምስሉ ከኋላ ሲወጋው ያሳያል። «ጭጋግ ነበር» ይላል፤ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች። ማይኩ ፊልም ሠሪዎቹ ተሳስተዋል ብሎ አዘነላቸው። አዝኖም አልቀረ፣ አረመላቸው፦ «ከኋላ ወጋሁት። ፀሐይዋም አናት ትበሳ ነበር።»

መጨረሻ ላይ ዳኛው የሟቹን ካባ ገልብጦ ጀርባው ላይ ቀዳዳውን ሲያገኝ፣ አዳራሹ አዛጋ።

«ቀዝቃዛ ፊልም ነው፤ ይወርዳል» አሉ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት። «አንተም የደከምክ ትመስለኛለህ። በርጩማዋ ላይ አማቼን ልሞክረው።»

ማይኩ ልብስ ሰፊ ታላቅ እህቱ ዘንድ ሄዶ ብሶቱን ዘረገፈ። እሷ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ሳታነሣ፣ «ሰውየው በአፉ ያለው ምንድን ነው? አንተ ያልከውን ተወው» አለችው።

ነገራት።

«አይ የኔ ሞኝ! ሱሪ ሊያሰፋ የሚመጣው ሁሉ ‹ወገቤ ሠላሳ ሁለት ነው› ይለኛል። ሜትሬ ግን አርባ ይላል። ታዲያ የተሳሳተው ሜትሩ ነው?»

«ሰውየው ነው እንጂ፣ እታለም።»

«ተሳስቶ መሰለህ? ቦርጩ አሳፍሮት እኮ ነው!»

ማይኩ በቆመበት ደርቆ ቀረ። ሽማግሌው እየዋሸ ነው! ምስሉ ሜትር ነው። ዳኛው መጨረሻ ላይ የሚያገኛትን ቀዳዳ፣ ማይኩ ራሱ ገና በመጀመሪያው በአፉ ቀዶ አሳይቷል።

በማግስቱ ባለቤቱን በር ላይ ጠበቃቸው። «ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ልድገመው። አንድ ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።»

«ሰው ካፏጨ በርጩማዋን ለአማቼ ትለቃለህ።»

«እለቃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ግማሹ ብቻ ሞልቷል። ጨርቁ ተቀደደ፣ ብርሃኑ ፈሰሰ። ማይኩ በሽማግሌ ድምፅ፣ «ፊት ለፊት ገጠምኩት» አለ።

«ኧረ ማይኩ! ከኋላ ነው እኮ!»

«ሰዎች፣ አዋጡና መነጽር ግዙለት!»

ፉጨት ተጀመረ። ጋሼ በሩ ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዲት ቃል ቢያርም ፉጨቱ ይቆማል፤ ቃሏም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ዋጣት። «ጭጋግ ነበር» ሲል ቀጠለ።

ከኋላ ወንበር አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ብድግ አለ። «ዝም በሉ እስቲ! ማይኩ ምን ያድርግ? የሚዋሸው እኮ ሽማግሌው ነው!»

ፉጨቱ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው አፉን በከፈተ ቁጥር ዓይን ሁሉ ቀዩን ጨርቅ ይበረብር ጀመር። «ይኸው፣ ደግሞ ዋሸ!» «ጥላውን እየው፣ ጥላውን!» ዳኛው ካባውን ሲገለብጥ አዳራሹ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሽማግሌው ቀዳዳውን አየ፣ ዳኛውን አየ፣ «እውነቱን ነው የነገርኳችሁ» አለ። ማይኩም እንዳለ ተረጎመው። ሳቁና ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ጋሼ መጡ። «ምን ጨመርክበት?»

«ምንም። የጨመርኩትን ነው የተውኩት።»

ጋሼ በርጩማዋን በእጃቸው ወዝወዝ አደረጓት፤ አንድ እግሯ ይነቃነቃል። «ነገ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ይህቺን በምስማር አስመታት» አሉት፤ «ወድቀህ እንዳታሳፍረኝ።»