ማኤስትሮው የጠሩት ስም

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2012፣ የአሜሪካው ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። ከማድረቂያው ማሽን የሞቀ የሱፍ ካልሲ ሳወጣ ሽታው እስከ ዛሬ ወደ ማኤስትሮው ክፍል ይመልሰኛል። ትንሹ ልጄ ከፎቅ ላይ ሆኖ «ማም፣ ማይ ሶክስ» ይለኛል። «ካልሲ በል» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አላገባሁም፤ አሜሪካ ከገባሁም ዓመት አልሞላኝም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሥራ ቶሎ አገኘሁ። የቀጠረኝ የአስታማሚዎች ኤጀንሲ ሴንት ፖል ከተማ፣ ከስኔሊንግ አቨኒው ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ እንድንከባከብ ላከኝ። ጣልያናዊ ናቸው። የኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ፤ ባሪቶን፣ ከቀጭኑና ከወፍራሙ መካከል ያለው የወንድ ድምፅ። «ማኤስትሮ በይኝ» አሉኝ፣ የሙዚቃ ሊቅ እንደ ማለት ነው፤ አልኳቸው። እግራቸውን ስለሚበርዳቸው የሱፍ ካልሲ ከማሞቂያው ላይ አሙቄ አደርግላቸው ነበር።

ግድግዳው ሁሉ ፎቶ ነው። በአንዱ ካባ ለብሰዋል፣ በአንዱ የውሸት ፂም ለጥፈዋል፣ በሌላው አንዲት ወጣት እግራቸው ሥር ተንበርክካለች። በከዘራቸው እየጠቆሙ ይነግሩኝ ነበር፦ መጀመሪያ የተወለዱባት ትንሽ ከተማ፣ ከዚያ ትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች፣ ከዚያ ባሕር ማዶ። እዚህ ለአንድ ክረምት ሊዘፍኑ መጥተው ቀሩ።

«ቀጭን ድምፅ ያለው ቴነሩ ልጅቷን ይስማል» ይሉኝ ነበር። «ባሪቶኑ አባቷ ነው። ይራገማል፣ ያለቅሳል፣ ይቀብራታል። ሠላሳ ዓመት አባት ሆኜ ኖርኩ፣ ሲኞሪና። በየአገሩ፣ ቤቴ ሲቀር።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ጥር ላይ ስትሮክ መታቸው። እንግሊዝኛው ጠፋ፤ የልጅነታቸው ቋንቋ ብቻ ቀረ፣ እሱም ተቆራርጦ። አንድ ቀን ለራሴ በአማርኛ «ካልሲው የታለ? ኮሞዲኖው ላይ ነው እንዴ?» ስል ዓይናቸው በራ። ከአልጋው አጠገብ ያለውን ኮሞዲኖ በጣታቸው አሳዩኝ። «ባኞ» ስላቸው ሊታጠቡ ተነሱ። በየሳምንቱ ልታያቸው የምትመጣው ነርስ ይህን አይታ «ጣልያንኛ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«የራሳችን ቃል ነው» አልኳት።

አላመነችኝም፤ ፋይላቸው ላይ ጻፈችው። እኔም ሳላስበው ደስ አለኝ። የሚሉት ሁሉ የሚገባኝ መሰለኝ።

በየካቲት «ማሪያ» ማለት ጀመሩ። ረፋድ ላይ ፀሐይ በረዶው ላይ ነጥራ ጣሪያውን ስታበራው፣ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው፣ ያንን የደከመ ድምፅ ዝቅ አድርገው «ማሪያ» ይላሉ። እመቤቴን የሚጠሩ መሰለኝ። እኔም ሲጨንቀኝ የምጠራት እሷን ነው። ከቦርሳዬ ትንሿን ሥዕሏን አውጥቼ ኮሞዲኖው ላይ አቆምኩላቸው። በደህናው እጃቸው ደፉት። መልሼ አቆምኩት፤ መልሰው ደፉት።

«አይዞዎት፣ ትሰማዎታለች» አልኳቸው።

አለቀሱ። ጸሎታቸው የደረሰ መስሎኝ አብሬያቸው አለቀስኩ።

ወንድ ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከአፕል ቫሊ ይመጣ ነበር። እሱ ባለበት ግን ትንፍሽ አይሉም።

መጋቢት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አረፉ። ልጃቸው መጥቶ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ላጽናናው ብዬ «አባትዎ በእምነት ነው የሄዱት። በየቀኑ ማርያምን ይጠሩ ነበር» አልኩት።

«አባቴ?» አለ። «ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ሊዘፍን ብቻ ነበር። ቃል በቃል ምን ይል ነበር?»

«ማሪያ።»

ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እህቴ ናት» አለኝ። «ከመጀመሪያ ሚስቱ። አራት ዓመቷ ሳለ ለመድረኩ ብሎ ጥሏት ወጣ። እናቴ እስክትሞት ድረስ የእህቴ ስም እዚህ ቤት አይነሳም ነበር። ባለፈው ወር ከጣልያን ደውላ ‹ያነሳኛል ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ። አንድም ቀን አንስቶሽ አያውቅም አልኳት።»

«ይንገሯት።»

«አሁን ብነግራት ‹ልታጽናናኝ ነው› ትለኛለች። የሰማሽው አንቺ ነሽ።»

ነርሷ ትታው በሄደችው ወረቀት ጀርባ ላይ የማሪያን ስልክ ቁጥር ጻፈልኝ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። የልጅቷን ስም ወስጄ ለእመቤቴ ሰጥቼ ነበር፤ ይህን ለሰው እንዴት እንደሚናገሩት አላወቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈር ባለው የአክስቴ ቤት ኩሽና ቆሜ ደወልኩ። እንግሊዝኛዋ እንደ እኔው ሰባራ ነው፤ ተመስገን፣ ተግባባን።

«አባትሽ ይጠሩሽ ነበር» አልኳት። «ያልገባኝ እኔ ነኝ።»

 ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።

«እንዴት ብሎ ነበር የሚጠራኝ?» አለችኝ።

 ድምፄን እንደ እሳቸው ዝቅ አድርጌ ጠራኋት።