ከአሰብ ያመጣኋቸው ዓሣዎች

እስካሁን ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። በደርግ ጊዜ ከአሰብ ጭነት የማመላልስ ሹፌር ነበርኩ፤ ቤቴ ከሚሴ ነው። አንድ ቀን አሰብ ላይ ከአንድ መርከበኛ ትንሽ የመስታወት ገንዳ ገዛሁና የባሕር ዓሣ ላኖርባት ቆረጥኩ።

ዓሣ መምረጥ ሚስት ከመምረጥ ይብሳል። ትልቁን ቀይ ሳነሳ የሚሸጥልኝ አጥማጅ «ሌላውን ይበላብሃል» አለኝ። ቢጫው ደግሞ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል አለ። በመጨረሻ የማይጣሉ፣ ጣት የሚያህሉ ሁለት ዝንጉርጉሮች መረጥን። የባሕሩን ውኃ በጀሪካን ሞልቼ፣ ያንን ሁሉ በረሃ እየተሳቀቅኩ በሕይወት አደረስኳቸው።

ጎረቤቴ እትዬ ከድጃ መጥተው አዩና፣ «እነዚህ አይታረዱም አይደል?» አሉኝ።

«ዓሣ ደግሞ ምን ይታረዳል!» ብዬ ሳቅኩ።

በማግስቱ ቤቱን እንዲጠብቁልኝ ቁልፌን ሰጥቻቸው ኮምቦልቻ ደርሼ ስመለስ፣ ገንዳዋ ባዶ ናት! ጮህኩ። እትዬ ከድጃ የተጠበሰ ነገር በሳህን ይዘው ብቅ አሉ።

«ኮቱ፣ ና ልጄ! ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን አንተ እኔ ያረድኩትን፣ እኔ አንተ ያረድከውን ሳንቀምስ! እስላሙም ክርስቲያኑም የሚበላው ነገር ፈልገህ ስታመጣ አንጀቴን በላኸው። ዛሬ ዐረፋ አይደል? አንዱ ያንተ፣ አንዱ የኔ።»

ሳህኑ ላይ ሳፈጥጥ ጊዜ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አብሽር፣ ጨው አልጨመርኩበትም። ውኃውን ቀምሼዋለሁ።»