የሾፌሩ በር

ባለፈው ጥቅምት ለአንድ ጉዳይ ከወልዲያ ወደ ቆቦ ወረድኩ። ማሽላው ራሱን ደፍቶ አጫጁን ይጠብቃል፤ ሜዳው እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ድረስ ቡኒ ሆኗል። ከሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ልጠራ ስል ከመንገዱ ማዶ አዲስ የተሠራ ሆቴል አየሁ። ከፊት ለፊቱ ክብ የአበባ መደብ አለ፤ በመደቡ መሃል አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሟል። ከላይ እስከ ታች ቀይ ተቀብቷል። ጎማው ሳይቀር ቀለም ጠጥቶ ያብለጨልጫል። ሁለት ወጣቶች ኮፈኑን ተደግፈው ፎቶ ይነሳሉ።

መኪናውን ገና ከማዶ ነው ያወቅኩት። ተሻገርኩና በሾፌሩ በኩል ያለውን በር አየሁ። በወርቃማ ቀለም፣ በሚያምር ጽሕፈት «የአባታችን የአቶ ሞላ መኪና» ተብሎ ተጽፎበታል። ደሜ ፈላ። ጸጉሬ ሸብቶ፣ ልጅ ድሬ፣ እንደ ጎረምሳ ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያ መኪና የአባቴ የይመር ነበር። አባቴ የሮቢት ሰው ነው። ከሮቢት ቆቦ፣ ከቆቦ ዋጃ፣ ሲመቸውም እስከ አላማጣ ሰውና እህል ያመላልስበት ነበር። ክረምት ጎሊና ወንዝ ሲሞላ አውቶቡሶች ማዶና ማዶ ተሰልፈው ይቆማሉ። እሱ ግን ሱሪውን ጠቅልሎ በእግሩ ይገባና ጥልቀቱን ይለካል፤ ከዚያ ተመልሶ መሪውን ይይዛል። ለታማሚና ለምጥ የያዛት ሴት መሻገሪያው እሱ ነበር።

የዚያን ጊዜ የንግድ መኪና በሩ ላይ የባለቤቱ ስምና አገሩ ይጻፍበት ነበር። አባቴ ጸሐፊ ከወልዲያ ድረስ አስመጣ። መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ የክሬም ቀለም ነው፤ ጸሐፊው በቀይ ቀለም «ይመር ካሳ፣ ሮቢት» ብሎ ጻፈበት። እኔ ከሥሩ ቁጢጥ ብዬ ሳይ ክንዱን ነካሁትና የ«ር» ጫፍ ወደ ታች ተንሸራተተች። ጸሐፊው ሊያጠፋት ሲል አባቴ «ተዋት፣ የልጄ ፊርማ ናት» አለው።

ሞላ የቆቦ እህል ነጋዴና የአባቴ የቅርብ ወዳጅ ነበር። በአንድ ማዕድ ይበላሉ፤ የማሽላ እንጀራ በቅቤ ሲቀርብ ሞላ ከሌለ አባቴ እጁን አይዘረጋም ነበር። አባቴ ሳንባውን ታሞ ሲተኛ መኪናውን የሰጠው ለሞላ ነው። «እስክነሣ ጠብቅልኝ» አለው። ሊብሬውም መኪናው ውስጥ ነበር። አባቴ አልተነሣም።

ከአርባው በኋላ እናቴ ዝናሽ መኪናውን ልትጠይቅ ሄደች። ሞላ ደጁ ላይ ቆሞ ተቀበላት። ግቢ እንኳን አላላትም።

«የምን መኪና ነው የምትይው? ይመር እኮ ቅጥር ሾፌሬ ነበር» አላት።

በሽማግሌ ፊትም ይህንኑ ማለ። ሊብሬው የት እንደገባ አይታወቅም። በሩ ላይ ያለውን ስም ለማየት ሽማግሌዎቹ ወደ ግቢው ሲሄዱ መኪናው አረንጓዴ ተቀብቶ ደርቆ ነበር። እናቴ የመኪናውን ማጣት ቻለችው። «ቅጥር ሾፌር» የሚለውን ግን አልቻለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ሰው ፊት ስትስቅ አላየኋትም። እኔም ትምህርት ቤት «የቅጥሩ ልጅ» ተብዬ አደግሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ ስሙን እንኳን የነጠቀውን ሰው አንድ ቀን እንደማገኘው አውቅ ነበር። እንዴት እንደሆነ ነው ያላወቅኩት።

ያን ጊዜ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ቆቦ ውስጥ አንድ ጋራዥ የመኪና አካል የምጠግን ባትላሜራና ቀለም ቀቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ኪዳነ የማይጨው ሰው ነው። በስሜ አይጠራኝም፤ «ወዲ ይመር» ነው የሚለኝ፣ የይመር ልጅ ማለቱ ነው። በዚህ ብቻ እወደው ነበር። አንድ ቀን፣ ጥር ሊገባ ሲል፣ ጭነት መኪና አንድ ዝገት የበላው ላንድሮቨር እየጎተተ ግቢያችን አስገባ። ዓመታት ሙሉ በሞላ ግቢ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ቆሞ ነው የኖረው። ወንበሩ ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች። ሻንሲውን በጣት ስትነካው ይረግፋል።

የሞላ ልጅ ታደሰ ዋጃ ሊያገባ ነው፤ ሙሽራይቱን በዚህ መኪና ሊያመጣ ፈልጓል። ታደሰ አዲስ አበባ ቆይቶ የመጣ፣ አሮጌ መኪና የሚወድ ጨዋ ልጅ ነበር። የአባቱን ሥራ አያውቅም። ሁለቱም አብረው መጡና ግቢው መሃል ተከራከሩ።

«ነጭ ይቀባ» አለ ሞላ። «እንደ መስተዋት ያብለጭልጭ። ሰርግ ነው፣ ይኼን ቁራሌ ይዤ አማቶቼ ፊት ልቁም እንዴ?»

«አይ አባዬ» አለ ታደሰ። «ሞተሩና ሻንሲው ይሠራ፣ አካሉ ግን ኦርጂናሉን ነው የምፈልገው። ይኼ አረንጓዴ በኋላ የተቀባ ነው። ይፋቅና የፋብሪካው ቀለም ይውጣ። ቢቧጨር፣ ቢደበዝዝም ግድ የለም። የአሮጌ መኪና ክብሩ እሱ ነው።»

«የምን መፋቅ! ከላዩ ቅቡት ብያለሁ!»

«ምክንያቱስ?»

እዚያ ከቆምነው ምክንያቱን ሞላና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። እኔ መፍቻ ይዤ ቆሜ በዓይኔ በላሁት። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት ቀምሼ አላውቅም።

«አንተ ባለሙያው ምን ትላለህ?» አለኝ ታደሰ።

«የላንድሮቨር በር አሉሚኒየም ነው» አልኩት፣ አባቱን እያየሁ። «አይዝግም። ከሥሩ የነበረው ነገር ሁሉ እንዳለ አለ።»

በማግስቱ ሞላ ብቻውን መጣ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ድረስ ተከናንቧል። እስከዚያ ቀን ድረስ መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን የሚያዞር ሰው ትከሻዬን ያዘኝ።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ሌላውን እንዳለው ፋቁለት። አንዱን በር ግን እንዳትነካው።»

«የትኛውን በር?»

«የሾፌሩን።»

«ሾፌሩ ማን ነበር አያ ሞላ?»

እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሣ። እኔም ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ይህን እንደ እሺታ ቆጥሮት ሄደ።

ያን በር ለመጨረሻ አቆየሁት። ሻንሲው ተበየደ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ተፍቆ የጥንቱ ክሬም ወጣ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ስስ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከርኩ በሩን ማሸት ጀመርኩ። አረንጓዴው እንደ አተላ በክንዴ ላይ ይወርዳል። ጠንክሬ ባሸው የአባቴንም ስም አብሬ እጠርገዋለሁ፤ ስለዚህ የሕፃን ፊት እንደማጥብ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ቀይ ነጥብ ታየ። ቀጥሎ ወደ ታች የተንሸራተተችው የ«ር» ጫፍ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የእልህ ነው።

ጋሽ ኪዳነ ከኋላዬ መጥቶ አነበበ።

«ወዲ ይመር፣ ይኼ ነገር ደም ያመጣል።»

«ደም አይደለም ጋሽ ኪዳነ፣ ቀለም ነው።»

ባልዲውን ራሱ ሞልቶ አመጣልኝ።

ታደሰ ሲያየው በደስታ ዘለለ። ከአባቱ በፊት የነበረ የአንድ ባለቤት ስም መሰለው። «ይኼማ ታሪክ ነው! እንዳትነኩት!» አለ። እኔም አልነካሁትም። ካምቢዮው አስቸጋሪ ስለነበር የሰርጉ ዕለት እኔው እንድነዳው ለመነኝ። እንዴት እምቢ እላለሁ?

በሰርጉ ጠዋት መኪናውን ሞላ ደጅ አቆምኩት። ሞላ አጃቢ ተከትሎት እየሳቀ ወጣ፤ በሩን አየና ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ከብቦናል፤ ቢቆጣ ለምን ተቆጣህ ሊባል ነው። ጋቢውን አውልቆ በመስኮቱ በኩል በሩ ላይ ጣለው። «ለጌጥ ነው» አለ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የጋቢውን ጫፍ በእጁ ይዞ እስከ ዋጃ ድረስ ሄደ። በመስተዋቱ አየዋለሁ። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ አላለፈኝም።

እኛ አገር ሰርገኛ ሲደርስ የሙሽራይቱ ወገን ሴቶች የግቢውን በር ዘግተው እየዘፈኑ ይሟገታሉ። ያዩትን ሁሉ፣ የሙሽራውን አፍንጫም ቢሆን፣ እዚያው ገጥመው ያወጡታል። የዚያን ቀን የተዘፈነበት ሰው ዕድሜ ልኩን በዚያ ይጠራል። ስለዚህ ዋጃ ስንደርስ የመኪናውን በር ከፍቼ ወረድኩ፣ ጋቢውን አነሣሁ፣ ሴቶቹ ፊት በጥንቃቄ አጠፍኩትና ለሞላ ሰጠሁት።

«ጋቢዎ አቧራ እንዳይነካው አያ ሞላ።»

ከኋላ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው አነበቡ። «ይመር ካሳ! የሮቢቱ ይመር? አበስኩ ገበርኩ! ጎሊና ሞልቶ ሚስቴን በምጥ ያሻገራት እኮ ነው! በዚህች በራሱ መኪና! የሱ እኮ ናት!»

ታደሰ ወደ አባቱ ዞረ። ሞላ መሬት መሬት አየ። ከበሮ የያዘችው ሴት አንዴ በሩን፣ አንዴ ሞላን አየችና ድምፅዋን ለቀቀችው፦

አማቻችን መጣ በመኪና ኮርቶ፣
በሩ የይመር ነኝ አለን አፍ አውጥቶ።

ተቀባዮቹ ተቀበሏት። አንዴ አይደለም፤ እስኪበቃቸው። ዘፈኑ ከእኛ ቀድሞ ቆቦ ገባ፤ በሳምንቱ ገበያ የበርበሬ ነጋዴዎች ሲያንጎራጉሩት ሰማሁ። ሞላ ሱቁን ከፍቶ መቀመጥ አቃተው።

ከዚያ ዘወልድ የምንላቸውን አስታራቂ ሽማግሌዎች ይዞ እናቴ ዘንድ መጣ። ድሮ በማለበት ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ሞላ ቆሞ «ይመር ቅጥሬ አልነበረም። መኪናው የራሱ ነው። በሐሰት ነው የማልኩት» አለ። ቃሉን ስሰማ እጠግባለሁ ብዬ ነበር። አልጠገብኩም።

«እንግዲህ ዝናሽ፣ መኪናሽን ውሰጂ፣ ይቅርም በይው» አሏት ሽማግሌዎቹ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «መኪናውን አልፈልገውም» አለች። ሁሉም ተያየ። «እሱ ደጅ ይቁም። የሾፌሩ በር ወደ ቤቱ ዞሮ ይቁም። ጠዋት ሲወጣ ያንብበው፣ ማታ ሲገባ ያንብበው። ቀለም እንዳይነካው፣ ጨርቅም እንዳይጥልበት። እሱም፣ ልጆቹም። ይኼን ይማልልኝ።»

እኔ ተበቃይ ነኝ ብዬ ሳስብ የእናቴን ልክ አላውቅም ነበር። ሞላ ማለ። ስንመለስ እናቴ በሱ ደጅ እንድናልፍ ፈለገች። ማንበብ ስለማትችል «የቱ ነው ይመር የሚለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጣቷን ይዤ አሳየኋት፤ መዳፏን አስቀምጣበት ቆየች። ከዚያ በኋላ ቆቦ በወረደች ቁጥር መንገድ እያረዘመች በዚያ በኩል ታልፍ ነበር። «እንደምን አደርክ ሞላ?» ትለዋለች፣ ፈገግ ብላ። ያ ፈገግታ የኔ ደመወዝ ነበር።

ታደሰ የሰርጉ ሰሞን መጥቶ የእናቴን ጉልበት ስሞ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ቆቦ ብዙም አይታይም። እናቴ ሞተች። ሞላም ሞተ፤ ቀብሩ ላይ አልሄድኩም። ታናናሾቹ ልጆች ናቸው ሆቴሉን የሠሩት፣ መኪናውን ያደሱትም እነሱ ናቸው። «አደስነው» ነው የሚሉት። እኔ ዕድሜዬን በእድሳት ሥራ ነው የጨረስኩት፤ ማደስና መሸፈንን ለይቼ አውቃለሁ።

የሆቴሉ ዘበኛ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ ፎቶ ላንሳዎት?»

«አይ፣ በሩን እያየሁ ነው» አልኩት።

እሱ ዞር ሲል የቤቴን ቁልፍ አውጥቼ ከወርቃማው ጽሕፈት ሥር፣ ቦታውን ጣቴ ያውቀዋል፣ በስሱ ጫር አደረግኩ። አብረቅራቂው ቀለም ተነሣ። ከሥሩ ክሬሙ፣ በክሬሙም ላይ ወደ ታች የተንሸራተተች የ«ር» ጫፍ ታየች። ቁልፌን ኪሴ ከትቼ ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ተሻገርኩና ስስ ብርጭቆ ወረቀት እንዳላቸው ጠየቅኩ።