ፍየሏን የመለስኳት ቀን

የጎፋ ገበያ እርጥብ ጎመን ሲሸተኝ አባባ ትዝ ይለኛል። ዘመኑ የደርግ ነው። ወንድሜን ታዴን ከአፈሳ ለማሸሽ ቡታጅራ አክስታችን ዘንድ ልከነው ነበር፤ አፈሳው እዚያም መጀመሩ ተሰማ። አባባ አቧራው ላይ በጣቱ ወንዝ አሰመረና የጎመን ቅጠል፣ ጠጠርና ቡሽ ደረደረልኝ።

«ጎመን፣ ፍየልና ነብር በያቸው። ጀልባሽ አንድ አንዱን ብቻ ትይዛለች። ሳይበላሉ አሻግሪያቸው።»

ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ከወዲያ ወዲህ ስገፋቸው ቆየሁ። ድንገት፣ «የተሻገረችውን ፍየል መልሼ አመጣታለሁ!» አልኩ።

አባባ ጠጠሯን ትክ ብሎ አያት። «ለካ መመለስም መሻገር ነው። የእኛ ቤት እንደሆነ ተፈትሿል» አለ፤ አልገባኝም።

በማግስቱ ታዴን በሽንኩርት መኪና ይዞት መጣ። አፈሳው እስኪያልፍ ጓዳ ተደበቀ፤ ማንም ደጃችንን አላንኳኳም።

ዛሬ ታዴ ሸብቷል። ዘንቢሉን አንጠልጥሎ፣ «ነይ እንጂ፣ ሊዘንብ ነው» ይለኛል።