የግብጦው ውሃ

ስኳር አለብሽ በተባልኩ ቀን መጀመሪያ የነገርኩት ለአከራዬ ነው። ደብረ ታቦር መምህርነት በዕጣ ደርሶኝ ከአሰላ ከመጣሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሥሩን የኖርኩት በእኚህ ሴትዮ ግቢ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው በየከተማው ተበትነዋል። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ሲቆጡ ብቻ «አንች የሩቅ አገር ሰው» እባላለሁ።

«ስኳር አለብሽ አሉኝ፣ እማማ» ስላቸው ከት ብለው ሳቁ።

«እሰይ! እንግዲህ ጓደኛ አገኘሁ» አሉ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ወደ እግሬ አዩ። «ጫማሽን እያየሽ ተጫሚ። እኔ እንዳላየሁት እንዳይሆን።»

እሳቸው ስኳሩ ከያዛቸው ስድስት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ኢንሱሊን ጠዋት ማታ በገዛ እጃቸው ይወጉ ነበር። በዚያ ሰሞን ከቀኝ እግራቸው ትንሿ ጣት ሥር ቁስል ወጥቶባቸዋል። የፕላስቲክ ጫማ ልጦት፣ ሳይሰማቸው ሳምንት ሙሉ ሄደውበታል። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይድንም፣ ቁስሉ ካልዳነ እግሩ ይሄዳል። እማማ ሞትን የዚህን ያህል ሲፈሩ አላየሁም። አርባ ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ከመጀመሪያው እስከ ስንብቱ፣ በሴቶቹ በኩል ካለችው ዓምድ አጠገብ ቆመው ነው ያስቀደሱት። «ወንበር ላይ ተቀምጨ ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ ከምል፣ በቁሜ ይውሰደኝ» ይሉ ነበር።

ከሆስፒታሉ ሲስተሯ አንድ የታተመ የምግብ ወረቀት ሰጥታኝ ነበር። ግማሹ በዚህ ገበያ ስሙ እንኳ የማይታወቅ አትክልት ነው።

«ይህን የት አገኘዋለሁ?» አልኳት።

«እኔም አላውቅ፣ ወረቀቱ እንዲሁ ነው የመጣልን» አለች እየሳቀች። «ዋናው ነገር እንጀራና ድንች ቀንሺ። እንቁላል፣ ወተት፣ ትንሽ ሥጋ ጨምሪበት።»

ጥር ላይ ይህ ቀላል ነበር። መለኪያ ገዛሁ፣ ደብተር አወጣሁ። አንዱን ምግብ ሦስት ሦስት ቀን እየበላሁ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣቴን እየወጋሁ ጻፍኩ። የጤፍ እንጀራ፣ የገብስ ቂጣ፣ ሽሮ፣ ባቄላ። ለሌላ ሰው የሚስማማው ለእኔ ላይስማማ እንደሚችል ያስተማረኝ ያ ደብተር ነው። ሰው ሁሉ «ገብስ ብዪ፣ ገብስ ለስኳር ነው» ሲለኝ፣ ቂጣው በእኔ ላይ ከጤፉ አልተሻለም። ድንቹማ ባሰ። የዚህ አገር ድንች ሲቀቀል እንደ ዱቄት የሚፈረፈር፣ ያለ ወጥ የሚበላ ነው፤ አንድ ሰሃን ስበላ ቁጥሩ እንደ ትኩሳት ይወጣብኛል።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። እንቁላሉም፣ ወተቱም፣ ሥጋውም ቀረ። የቀረው ያው ደብተሬ የከሰሰው ሁሉ ነው፤ እንጀራ፣ ቂጣ፣ ድንች።

የነፍስ አባታችን አንድ ናቸው፤ የእኔም የእማማም። አብረን ሄደን ጠየቅናቸው። መምሬ ብዙ አላሰቡም። «የታመመ ሰው አይገደድም» አሉ። «እንቁላሉን እንደ ኪኒን ቁጠሩትና ብሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓትም አትቆዩ። ይህን ያልኩ እኔ ነኝ፤ ጠያቂ ቢመጣ ወደኔ ላኩት።»

እማማ መስቀል ተሳልመው ወጡና ከቅጥሩ በር ሳንደርስ ቆሙ። «እሳቸው ቢፈቱኝ፣ እኔ ራሴን አልፈታሁት» አሉ።

እኔም አልበላሁም። ስለ እማማ ጽናት ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን እግዚአብሔርን ከመፍራት ይልቅ፣ በሁዳዴ እንቁላል ስጠብስ ሽታው ለጎረቤት ሴቶች እንዳይደርስ ፈርቼ ነው። በሰው አገር የሚኖር ሰው ስሙን ከሆዱ አስቀድሞ ይመግባል።

ያተረፈኝ ግብጦ የሚሉት ጥራጥሬ ነው። በጾም ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ በየእፍኙ እየተሰጣጡ በጨው ሲቆረጥሙት ለዓመታት አይቻለሁ፤ ከጨዋታ አልቆጠርኩትም ነበር። አንድ ቀን ምሳዬን በእሱ ብቻ በላሁና ጣቴን ወጋሁ። ቁጥሩ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ጣቴን ወጋሁ። ያው ነው። በማግሥቱም ያው። መኝታዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጾሜንም ሥጋዬንም የማያጣላ አንድ እህል ሰጠኸኝ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩት።

ግብጦ ግን እንዲሁ አይበላም። እንደ መርዝ የሚመር እህል ነው። ይቆላል፣ ይቀቀላል፣ ከዚያ አምስት ስድስት ቀን ተነክሮ ውሃው ጠዋት ማታ እየተደፋ ይለወጣል። የሚደፋው ውሃ ቢጫ ነው፣ አረፋ ይይዛል፤ የጠማው ከብት እንኳ አሽትቶ ይተወዋል። አገሬው ይህን ከልጅነቱ ያውቃል። እማማ እኔን አስተማሩኝ እንጂ እኔ እሳቸውን አላስተማርኩም።

በቅድስት ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ባልዲዬን ከደጅ አስቀምጬ ጫማዬን አስራለሁ፤ የትምህርት ቤቱ ደወል ሊደወል ነው።

«ይኸ ግብጦ ምን ቢያረግልሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የበራው?» አሉኝ እማማ።

«ስኳሬን አወረደልኝ፣ እማማ።»

«እንዴት አርጎ?»

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ድንች ሆድ ገብቶ እንዴት ስኳር እንደሚሆን፣ ግብጦ ለምን እንደማይሆን፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጆች በጠመኔ ሥዬ የማስረዳ ሰው ነኝ። አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ግን ቸኩያለሁ፤ ደግሞ ደስ ብሎኛል። ሳቅ ብዬ «ስኳርን ከመራራ ሌላ ምን ይገድለዋል!» አልኳቸው።

እሳቸውም ሳቁ። «እንዲያ ከሆነ፣ ምሬቱን ለምን ትደፊዋለሽ?»

«ይመራላ!» ብዬ ወጣሁ።

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከበሩ ሳልርቅ ረሳሁት።

የዚያኑ ዕለት ስመለስ «ውሃውን ከእንግዲህ እኔ ልለውጥልሽ፤ አንች ደርሰሽ እስክትመለሽ ይቆያል» አሉኝ። ደግነታቸው ነው ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። የታጠበውንም ግብጦ አብረን እየበላን፣ እሳቸው ከወትሮው ይበልጥ ይጫወቱ ጀመር። ቁስሉን ልይልዎ ስል «ደህና ነው፣ መዳን ጀምሯል» እያሉ በነጠላ ቁራጭ እንደጠቀለሉት ይመልሱኛል።

ነገሩ በዐይኔ ፊት ነበር። «አፌ እንደ ቁርበት ደረቀ» ይሉ ነበር፤ ጾም ነው አልኩ። ዳዊታቸውን ወደ ብርሃን እያራቁና እያቀረቡ «ፊደሉ ተዋጠብኝ» ሲሉ፣ ዕድሜ ነው አልኩ። የራሴን ስኳር በቀን አራት ጊዜ የምለካ ሴት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የእሳቸውን ጣት አልወጋሁም።

ከመጻጉዕ እሑድ በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ፀሐይ ፊታቸው ላይ ነው። ዐይናቸውን ሳይጨፍኑ ፀሐዩን ያያሉ።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ምነው ዛሬ ቶሎ መሸ?»

ከዚያ የሞቱትን ባላቸውን በስም ጠርተው በሬዎቹን አስገቡ አሏቸው። ባጃጅ ጠርቼ፣ ደግፌ አስገብቼ፣ ሆስፒታል ደረስን። መንገዱን ሙሉ ምላሳቸው ከላንቃቸው እየተጣበቀ ያወሩ ነበር።

ሐኪሙ ዐይናቸውን በባትሪ አየ። ጥቁሩ ሰፍቶ ቡናማው ጠፍቷል። «ምን ጠጥተዋል?» አለኝ።

«ምንም። ጾመኛ ናቸው።»

ያን ጊዜ እማማ ከአልጋው ቀና አሉ። ግራ በተጋባ ሰው ድምፅ አልነበረም የተናገሩት፤ በኩራት ነው። «ከሷ መድኃኒት ነው የጠጣሁት። የግብጦውን ውሃ። በቀን ሁለት ጣሳ።»

«መርፌዎንስ?»

«መራራው እያለ መርፌ ምን ያረግልኛል?»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «ልጃቸው ነሽ?»

«ተከራያቸው ነኝ። መምህርት ነኝ።»

«የምን መምህርት?»

«የባዮሎጂ።»

ሐኪሙ ጓንቱን አጥልቆ እግራቸውን የጠቀለለውን ጨርቅ መፍታት ጀመረ። ሽታው ቀድሞ ወጣ። ጥቁረቱ ከጣቶቹ አልፎ ቁርጭምጭሚት ደርሷል።

ልብስ ላመጣላቸው ወደ ቤት ሄድኩ። ኢንሱሊናቸውን እንዳይሞቅ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ማድጋ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት። እጄን ሰድጄ አሸዋውን ፈለግኩ። ሁለቱም ጠርሙስ አልተነካም፣ ክዳናቸው እንኳ አልተከፈተም። አጠገቡ ጣሳዋ ተደፍታለች። ባልዲዬ ደግሞ ደጅ ላይ፣ ግብጦው ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ፣ ለእኔ እራት ደርሶ ይጠብቀኛል።

እግሩ ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት ተባለ፤ ነገ ዛሬ የሚባል አይደለም። ለልጆቻቸው ደወልኩ፣ ስልክ የለም። መንገዱም በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ነበር። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ መጣች። «የቅርብ ዘመድ ይፈርም» አለች። እማማ እንቅልፍና ቅዠት መሐል ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነቅተው እጄን ያዙና «እንዳይቆርጡኝ፣ ልጄ። አንች አለሽ አይደል?» አሉኝ።

«አለሁ» አልኳቸው። ወጣሁና «ልጃቸው ነኝ» ብዬ ፈረምኩ።

በገብር ሔር ለመምሬ ተናዘዝኩ። ከቀልዱ ጀምሬ እስከ ፊርማው ድረስ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስትነግሪያቸው ይጠጡታል ብለሽ አስበሻል?»

«አላሰብኩም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ኀጢአትሽ ያ ነው። አለማሰብሽ።» እስከ ሆሳዕና በቀን አርባ ስግደት አዘዙኝ። «ለእሳቸውም በአፍሽ ንገሪያቸው፤ በእኔ በኩል አይሆንም» አሉ። ሰገድኩ። በእያንዳንዱ ስግደት ከመሬት የምነሣው በሁለት እግሬ ነው። ያን ሳላስብ የተነሣሁበት አንድም ጊዜ የለም።

ለእማማ የነገርኳቸው ከፋሲካ በኋላ፣ ቤት ሲገቡ ነው። አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ «ያን ቀን ያልኩዎ ቀልድ ነበር። ምሬቱ መድኃኒት አይደለም፤ መርዝ ነው። እኔ ነኝ እግርዎን ያሳጣሁዎት» አልኩ።

ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። «አንች ምን ታውቂያለሽ» አሉ። «እኔ ዘግይቼ ጀመርሁት እንጂ፣ ሁለተኛውን እግሬን ያተረፈልኝ ማን ሆነና?»

ደግሜ ነገርኳቸው። ሐኪሙም ነገራቸው። አልሰሙም። እኔ እንዳልወቀስ ብለው ይሁን፣ ከልባቸው አምነውት ይሁን፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። አሁን መርፌውን እኔ ራሴ ጠዋት ማታ እወጋቸዋለሁ፤ አይከለክሉኝም። እሑድ እሑድ በባጃጅ እንሄዳለን፣ ከዓምዷ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያስቀድሱት።

ግብጦውን አልተውኩም። ልተወው ሞክሬ ነበር፤ ቁጥሩ ወዲያው ወጣ። የሚስማማኝ እሱ ነው። የምነክረው ግን ክፍሌ ውስጥ ቆልፌ ነው፣ ውሃውን የምደፋውም በገዛ እጄ ሽንት ቤት ነው።

በቀደም እማማን ልትጠይቅ አንዲት ዘመዳቸው ከሐሙሲት መጣች። የአንድ እግሯ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ከነጠላዋ ሥር የዘይት ጀሪካን ይዛለች። ከትምህርት ቤት ስገባ ሁለቱ እየተሳሳቁ ነበር።

«ይችውልሽ መጣች፣ ባለመድኃኒቷ» አሉ እማማ። «ልጄ፣ ከግብጦው ውሃ ስጫት። ይችም ስኳር ይዟታል።»

«አልሰጥም፣ እማማ።»

«ስጫት ነው የምልሽ፣ አንች የሩቅ አገር ሰው!»

«ደፍቼዋለሁ።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እሷማ ድናለች» አለች ለእማማ፣ እኔ እንደሌለሁ። «የዳነ ሰው ይሰስታል።»

ስትሰናበት በር ድረስ ተከተልኳት። «እህቴ፣ በወላዲተ አምላክ ይዤሻለሁ። ያን ነገር በቀልድ ያልኩት እኔ ነኝ። እግራቸው የሄደው በሱ ነው። መርፌሽን እንዳትተዪ» አልኳት።

«እሳቸው እንዲያ አላሉኝም» አለች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት እያልኩሽ ነው።»

«ተይው፣ እትዬ» አለች፣ ጀሪካኗን ወደ ሌላው እጇ እያዛወረች። «ግብጦ እንደሆነ ሐሙሲት ገበያ ሞልቷል፤ መንከር ደግሞ እናውቃለን። መኪናው እንዳያመልጠኝ።»